ወንዝን እንደ ፊደል ማንበብ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ራሱ ስለ ውሃው ነው።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። ቤታቸው በነቀምት ከተማ በበከኒሳ ቀሴ ነው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች በአንድ እሑድ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወረዱ እንበል። ነቀምት ወይና ደጋ ናት፤ ደዴሳ ግን ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ይከብዳል። ልጆቹ ወንዙን ገና ከሩቅ ሲያዩ ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። እናት ፈራች። አባት ግን «ተዪአቸው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ዋና የለመድሁት እዚሁ ነው፤ አውቀዋለሁ» አላት። ይኸን ጊዜ የአገሩ ነዋሪ የሆኑት ሽማግሌ አጎቱ «ልጄ፣ አንተ የምታውቀው ወንዝ ሄዷል፤ ይኸ ሌላ ነው» አሉት።

ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ወንዝ በየክረምቱ መልኩን ይለውጣል። ሙላት ሲመጣ አሸዋውን ከአንዱ ቦታ ጠርጎ በሌላው ይከምረዋል። ዳርቻውን ይሸረሽራል፤ ግንድ አምጥቶ ከሥር ይቀብራል። አምና እስከ ጉልበት የነበረው ቦታ ዘንድሮ ሰው ሊያሰጥም ይችላል። ስለዚህ «አውቀዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። በሄድን ቁጥር እንደ አዲስ ማየት ያስፈልጋል።

በወለጋ ወንዝ ብርቅ አይደለም። ደዴሳ አለ፤ አንገር አለ፤ ዳቡስ አለ። ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ከነዚህ ሌላ በየመንደሩ ጅረት ሞልቷል። ልብስ የምናጥበው፣ ከብት የምናጠጣው፣ ገላችንን የምንታጠበው እዚያው ነው። ልጆቻችንም ዋና የሚለምዱት እዚያው ነው።

ባሕር ባላቸው በብዙ አገሮች ሰው ከነቤተሰቡ ሊዋኝ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ባንዲራ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ «ውሃው አደገኛ ነው፤ አትግቡ» ማለት ነው። ቀይና ቢጫ ቀለም ያላቸው ሁለት ባንዲራዎች ከተተከሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለውን ውሃ የዋና ጠባቂ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በእኛ ወንዝ ዳር ግን ባንዲራ የሚሰቅል የለም። ጠባቂዎቹ አባትና እናት፣ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት ናቸው። ስለዚህ ምልክቱን ራሳችን ማንበብ አለብን። ፊደል የቆጠረ ሰው ወንዝንም ማንበብ ይችላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው።

ለመሆኑ ምን ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ የአገሩን ሰው እንጠይቅ። «ሰው የሚታጠበው የት ነው? ዘንድሮ የጠለቀው የት ነው? አዞ ታይቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከብት የሚጠብቀውንም፣ ውሃ የምትቀዳውንም እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እንግዳ ሆኖ ዝም ማለት ነው ነውሩ።

ሁለተኛ፣ የውሃውን ቀለምና ድምፅ እንመልከት። በእኛ አገር ክረምቱ ረጅም ነው። በመስቀልና በእሬቻ ሰሞን ሰማዩ ቢጠራም ወንዙ ገና አልጎደለም። ደግሞም ዝናቡ እኛ ካለንበት መዝነብ የለበትም። ላይ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ እኛ ፀሐይ ስንሞቅ በድንገት ይደርሳል። ደራሽ ውሃ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሲመጣ ምልክት አለው። ጠርቶ የነበረው ውሃ ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል፤ ከላይ ጉምጉምታ ይሰማል። በደረስን ጊዜ በውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ እናስቀምጥ። ድንጋዩን ውሃ ከነካው ወንዙ እየሞላ ነው፤ ሳንዘገይ ልጆቹን ይዘን ከፍ ወዳለ ቦታ እንውጣ። ልብስና ሳሙና ለመልቀም አንመለስ።

ሦስተኛ፣ የውሃውን ጉልበት እንለካ። አንድ ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። አንድ በርሜል ውሃ 200 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል ማለት ነው። ወንዝ እንግዲህ ስንት በርሜል ባንድ ጊዜ እንደሚገፋ አስቡት! ፈጣን ከሆነ እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። መለኪያው ቀላል ነው። ጭራሮ ወደ ውሃው እንወርውርና በዳር በዳር አብረነው እንሂድ። ቀስ ብሎ ከሚራመድ ልጅ ከቀደመ፣ ያ ውሃ ለልጅ አይሆንም።

አራተኛ፣ ጥልቀቱን በዱላ እንጂ በልጅ አንለካ። ወንዝ በሚጠማዘዝበት ቦታ ሁለት ዳር አለ። በውጭ በኩል ያለው ዳር ውሃው እየመታ ስለሚሸረሽረው ጥልቅ ነው፤ አፈሩም ከሥር ባዶ ሆኖ ሊናድ ይችላል። በውስጥ በኩል ያለው ዳር ግን አሸዋ ስለሚከማችበት አብዛኛውን ጊዜ ጠለቅ አይልም። ቢሆንም አሸዋ ለቤት ሥራ የሚዛቅበት ቦታ ከሆነ ከሥር ጉድጓድ አለ። ከትልቅ ቋጥኝ ሥርም አዙሪት አይጠፋም። በመጀመሪያ አዋቂ ሰው ረጅም ዱላ ይዞ፣ እየተመረኮዘ፣ እየለካ ይግባ። ውሃው ደፍርሶ የእግራችንን ጣት የማናይ ከሆነ ማንም አይዝለልበት። በጭንቅላቱ የሚጠልቅማ አንገቱን ሊሰብር ይችላል።

አምስተኛ፣ አውሬ መኖሩን እንመርምር። በደዴሳ አዞም ጉማሬም አለ። አዞ ሰውና ከብት ዘወትር የሚወርድበትን ቦታ ለይቶ ያደባል። ውሃው ጸጥ ስላለ የለም ማለት አይደለም። በተለይ ሲመሽና ሌሊት አደገኛ ነው። በአሸዋው ላይ ሆዱን እየጎተተ ያለፈበትን ዱካ እንፈልግ። ጉማሬ ደግሞ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ሰፊ መንገድም ያበጃል። በዚያ መንገድ ላይ፣ በእርሱና በውሃው መካከል መቆም ሞትን መጥራት ነው። አዞ አለ በተባለበት ወንዝ ዋና የለም፤ ክርክርም የለም።

ስድስተኛ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ሁሉ ደህና አይደለም። ፈጣን ውሃ ያሰጥማል፤ የተኛ ውሃ ደግሞ ያሳምማል። በሽታው ቢልሃርዝያ ይባላል። የታመመ ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ወደ ውሃው ይገባል። ከእንቁላሉ የተፈለፈለው በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ሲንሳፈፍ የሰው ገላ ካገኘ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። ውሃውን መጠጣት የለብንም፤ መግባት ብቻ ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ዝግ ያለና ሣር የበቀለበትን ውሃ ነው፤ የመስኖ ቦይን፣ የኩሬን ዳር፣ ረግረግን። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በፊንጫ ሸለቆ፣ በስኳር ልማቱ አካባቢ፣ ይህ በሽታ እንደሚገኝ በጤና ጥናት ታውቋል። ልጃችን ሆዱን ከቆረጠው፣ በሰገራውም ደም ካየን ጤና ጣቢያ እንውሰደው። መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ችላ ከተባለ ግን ጉበትን ይጎዳል። ከሁሉም የሚሻለው መጸዳጃ ቤት መሥራትና በወንዝ ዳር አለመጸዳዳት ነው።

ሰባተኛ፣ ከመግባታችን በፊት መውጫውን እንይ። ዳርቻው ሙልጭልጭ ያለ ጭቃ ወይም ቀጥ ያለ ገደል ከሆነ የገባው ልጅ መውጣት አይችልም። ከታች በኩል ፏፏቴ ወይም የወደቀ ግንድ ካለም ውሃው ወደዚያ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ እንፈልግ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ልጆቹ ቢገቡም ሥራችን አላለቀም። ብዙ ሰው የሚሰጥም ልጅ የሚጮኽ ይመስለዋል። አይጮኽም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ለመጮኽ ትንፋሽ አያገኝም። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ነጠላ እስክትጨምቅ ድረስ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ አንድ አዋቂ ሌላ ሥራ ሳይዝ፣ ልብስ ሳያጥብ፣ በስልክ ሳይነጋገር ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ። ትንንሾቹ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት አይራቁ። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው አይጠብቅም፤ አይዋኝምም። የሚጥል በሽታ ያለበትም ብቻውን ወደ ውሃ አይግባ።

አንድ ሰው ቢወሰድስ? ብዙ ጊዜ አንዱን ለማዳን ዘሎ የገባው አብሮ ይሞታል። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ጭምድድ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ጮኸን ሰው እንጥራ። በዳር ሆነን ረጅም ዱላ እንዘርጋለት፤ ገመድ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ እንወርውርለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን አይሰጥምም፤ ሰውን ደግፎ ይይዛል። ወንዝ ስንወርድ ገመድና ባዶ ጀሪካን ብንይዝ የሚከብድ አይደለም።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን መጫን ወይም በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ጊዜ ያባክናል እንጂ አይጠቅምም። በጀርባው እናስተኛው። ግንባሩን ይዘን አገጩን ቀና እናድርግ። አፍንጫውን ይዘን በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ እንስጠው። ከዚያ የደረቱን መካከል ፈጠንና ጠንከር አድርገን 30 ጊዜ እንጫን፤ እንደገና 2 ጊዜ ትንፋሽ እንስጠው። እስኪተነፍስ ወይም ሐኪም እስኪደርስ ድረስ እንዲሁ እንቀጥል። ቢነቃም እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሳንባው ውሃ ስለነካው ኋላ ሊብስበት ይችላል። ይህን በተግባር እንዲያሳዩን የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንጠይቅ።

አሁን ወደዚያ ቤተሰብ እንመለስ። አባትየው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከአጎቱ ጋር በወንዙ ዳር ሄደ። ጭራሮ ወረወረ፤ ጭራሮው ጥሎት ሄደ። አሸዋውን አየ፤ የአዞ ዱካ አለበት። ሌላውን መመርመር አላስፈለገም። ልጆቹ አለቀሱ፤ ትንሿ ልጅማ አኮረፈች። ሽማግሌው ግን በግቢያቸው ከጉድጓድ የተቀዳ፣ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ነበራቸው። በዛፍ ጥላ ሥር እየተረጫጩ፣ እየተሳሳቁ ታጠቡ። አባታቸው ጥፋቱን ሊክስ ጀሪካኑን እያነሣ አፈሰሰላቸው።

አምስት ሆነው ሄዱ፤ ማታ አምስት ሆነው ቤታቸው ገቡ። ያለቀሰ ልጅ ይባበላል። ውሃ የወሰደው ግን አይመለስም።

እንወያይ

1. በአካባቢያችን ልጆች የሚዋኙት የት ነው? ባለፈው ክረምት ቦታው ምን ያህል ተለወጠ?
2. ደራሽ ውሃ ከመድረሱ በፊት የሚታዩትን ምልክቶች ዘርዝሩ።
3. ጸጥ ያለ ውሃ ሁሉ ደህና ያልሆነው ለምንድን ነው?
4. የሚሰጥም ሰው ብናይ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? የማናደርገውስ ምንድን ነው?