ሕግና ፖሊሲን አብሮ መማር ለምን?

ልጆቻችን ከዩኒቨርሲቲ «ሕግ እማራለሁ» ብለው ሲጽፉልን ደስ ይለናል፤ «የመንግሥት ፖሊሲም ደርቤ አጠናለሁ» ሲሉን ግን ብዙዎቻችን ግራ ይገባናል። እኔም ግራ ከሚገባቸው አንዱ ነበርሁ። ነገሩ የገባኝ የብራያን ስቲቨንሰንን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው።

ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ፣ በዴላዌር ግዛት፣ ከጥቁር ቤተሰብ ተወለደ፤ በቤተ ክርስቲያንም ፒያኖ እየመታ አደገ። ኢስተርን ከተባለ የክርስቲያን ኮሌጅ በ1981 ከተመረቀ በኋላ ሕግ ሊማር ሃርቫርድ ገባ። ትምህርቱ ከድሆች ችግር የራቀ ሆኖ ስለ ታየው የፖሊሲ ጥናትን ጨምሮ ያዘ።

በ1983፣ የ23 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ለልምምድ ወደ ጆርጂያ ሄደ። እዚያም ሞት ለተፈረደበት አንድ እስረኛ «በሚመጣው ዓመት ውስጥ አትገደልም» ብሎ እንዲነግረው ተላከ። መልእክቱ ይኸው ብቻ ነበር። እስረኛው ግን እጅግ ደስ አለው፤ የሚገደልበት ቀን ይቆረጣል ብሎ ስለ ፈራ ሚስቱና ልጆቹ እንዳይጠይቁት ከልክሎ ኖሯልና። ሁለቱ ሦስት ሰዓት ያህል ሲጨዋወቱ ቆዩ።

ወጣቱ ተመርቆ ጠበቃ ሆነ። በአላባማ ዋልተር ማክሚልያን የተባለ ጥቁር ሰው በ1988 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ነበር። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት በማክሚልያን ቤት ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዓሣ እየተጠበሰ ይሸጥ ስለ ነበር ብዙ ሰዎች እዚያው አይተውታል፤ ነገር ግን የሰማቸው የለም። ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ዕድሜ ልክ ይታሰር ሲሉ፣ ዳኛው ያንን ሽሮ ሞት ፈረደበት። ስቲቨንሰን ምስክርነቱ ሐሰት እንደ ነበረ አስረድቶ በ1993 ነጻ አወጣው።

እስከዚህ ድረስ የሕግ ሥራ ነው። ለዳኛው ያን ሥልጣን የሰጠው ደንብ ግን አልተነካም፤ ነገ ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ለሞት ሊሰጥ ይችላል። ደንቡን ለማስለወጥ መዝገብ ማገላበጥ፣ መቁጠር፣ ሕግ አውጪዎችን ማስረዳት ያስፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ይመስላል፤ ነውም። የስቲቨንሰን ድርጅት በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የአላባማ ዳኞች ከ1976 ወዲህ የጁሪን ውሳኔ ከ100 ጊዜ በላይ እንደ ሻሩ፣ አብዛኛውም ዕድሜ ልክን ወደ ሞት ለመለወጥ እንደ ነበረ አሳየ። ግዛቲቱ ደንቡን በ2017 ሰረዘች። አዲሱ ሕግ ሲወጣ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ስላልተደረገ፣ ቀድሞ በዚሁ መንገድ የተፈረደባቸውን አልደረሰላቸውም።