ስታዲየም ሲዘጋ ደጋፊው የት ይሄዳል?

እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ጓደኞቼ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ብዙ ታውቃላችሁ። ስለ ሸገር ደርቢ፣ ማለትም ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ስለሚገናኙበት ጨዋታ ሲነሣ ግን የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሊጉ ያን ያህል ጠንካራ ካልሆነ ሰው ለምን ያብዳል?» መልሱ ያለው ከኳሱ ይልቅ ከሰዉ ዘንድ ይመስለኛል።

ከታሪኩ ልጀምር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ነበሩ። የአገሬው ሰው ቡድን ጊዮርጊስ ነበር። ስለዚህ ደጋፊው ዛሬም ስለ ክለቡ ሲያወራ ስለ አገር የሚያወራ ይመስላል። ቡና የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው። ጊዮርጊስን በዋንጫ ብዛት የሚስተካከለው ክለብ የለም። ቡና ግን እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ደጋፊው አልሸሸም። ታማኝነት የዋንጫ ውጤት ቢሆን ኖሮ የቡና ደጋፊ እስካሁን ባለቀ ነበር።

ታዲያ ፍቅሩን ያቆየው ምንድን ነው? እኔ ቦታው ነው እላለሁ። የአዲስ አበባ ስታዲየም በውስጡ የራሱ ሰፈሮች አሉት፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። «የት ነው የምትገባው?» የተባለ ሰው የሚመልሰው በሰፈር ስም ነው። ጥላ ፎቅ ስሙ እንደሚለው ከፀሐይና ከዝናብ ይከልላል። «ከማን አንሼ» የሚለውን ስም ደግሞ ማብራራት አያስፈልግም። ሌላው ሕዝብ በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ታዳጊው ደጋፊነትን የሚማረው እዚያ ነው። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚጨፍር፣ የትኛው ተጫዋች ሲሳሳት እንደሚታለፍ ከጎኑ ካለው ሰው ያያል። ዜማው ብዙ ጊዜ ከታወቀ ዘፈን ይወሰድና ግጥሙ በክለቡ ስም ይቀየራል። አስጨፋሪው ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ስለሚቆም ጨዋታውን የሚከታተለው ከእኛ ፊት ላይ ነው። ቲኬት ገዝቶ ጨዋታ የማያይ ሰው ከዚያ በቀር የት ይገኛል?

ይህን ስል ሁሉም መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ስድብ አለ፤ የተወረወረ የውኃ ኮዳና ድንጋይም አለ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ክለብ የብሔር መጠሪያ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አይተናል። የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ወደ ሌላው ሜዳ መሄድ አስቸግሯቸው በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ተደርሷል። አንድ ላይ የሚያስጨፍረው ስሜት ሰውን ለጠብም ሊያስነሣ ይችላል።

ከዚያ ሜዳው ራሱ ራቀ። ኮሮና መጣ፤ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጨዋታዎቹ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በባሕር ዳር ተካሄዱ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ግን ዋንጫውን ያገኘው በከተማው አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። ብሔራዊ ቡድኑም ቤት አልነበረውም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «የሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው።

የቴሌቪዥኑን ጥቅም አልክድም። ለክለቦቹ ገንዘብ አምጥቷል፤ እኛም ከባሕር ማዶ ሆነን የማናውቃቸውን ልጆች አየን። ነገር ግን ቴሌቪዥን ጎሉን ያሳያል እንጂ ጭፈራውን አያስተምርም። ጥቂት ዓመት ስታዲየም ያልገባ ትልቅ ሰው ትዝታ አለው። በእነዚያ ዓመታት ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሞላው የአዲስ አበባ ልጅ ግን ካታንጋን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አርሴናል ቀድሞ ያገኘዋል። ክለብ ደጋፊ የሚያጣው እንዲህ ነው፤ በአንድ ሽንፈት ሳይሆን ልጁ ከአባቱ ወይም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ባልሄደባቸው እሑዶች።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል፤ ከሜዳው ርቆ መደገፍ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ እናውቃለንና። ደርቢው ሲኖር እያንዳንዳችን በየክፍላችን በስልክ ከምናይ የማኅበሩን አዳራሽ ከፍተን አብረን ብንቀመጥ መልካም ነው። ካታንጋ የገባችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ብቅ በሉ። ታናናሾቻችሁ ጭፈራውን ከእናንተ ካልሰሙት ከማን ይሰሙታል?