የነገሥታት መልክ ያላቸው የእንግሊዝ በርጩማዎች

በአሮጌ የቤት ዕቃ ንግድ ውስጥ ገዥንም ሻጭንም ከሚያሳስቱት ነገሮች አንዱ የነገሥታት መልክ ያለው የእንግሊዝ በርጩማ ነው። እግሮቹ እንደ መስቀል የተጠላለፉ፥ ከፋይ የለበሰና ዙሪያው በወርቅማ ምስማር የተመታ በርጩማ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በገበያ ከሚታዩት መካከል ከ200 ዓመት በኋላ የተሠሩ ቅጂዎች ይገኛሉ።

ከመልኩ ታዋቂ ምንጮች አንዱ በኬንት ግዛት የሚገኘው ኖል የተባለው ታላቅ ቤት ነው። የዶርሴት 6ኛው ኧርል ቻርልስ ሳክቪል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1689 እስከ 1697 የንጉሥ ዊልያም 3ኛ ዋና እልፍኝ አስከልካይ ነበሩ። ከቤተ መንግሥት አገልግሎት የወጣውን ዕቃ መውሰድ የሹመቱ ጥቅም ስለ ነበር፥ ከኋይትሆልና ከሃምፕተን ኮርት የወጡ ወንበሮችና በርጩማዎች ወደ ኖል ተዛወሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የዱሮው መልክ እንደገና በተወደደ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ዕቃ ሠሪዎች እነዚህን ናሙና አድርገው ቀዱ።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚታወቀው በርጩማው ሲገለበጥ ነው። ክብ የመኪና መጋዝ በእንጨቱ ላይ ቅስት ምልክት ይተዋል፤ የእጅ መጋዝ ግን ቀጥ ያለ መሥመር። ጫፉ የሾለና ጥርሱ እኩል የሆነ ብሎን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለ የሽቦ ሞላም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ሆኖም አሮጌ እንጨት ዘግይቶ አዲስ መቀመጫ ሊለብስ ስለሚችል፥ ሞላው ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ጉዳዩ ጉምሩክንም ይነካል። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ቁጥር 97.06 ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት በላይ የሆኑ ጥንታዊ ዕቃዎችን ይይዛል፤ ከ2022 ጀምሮም ከ250 ዓመት በላይ የሆኑት በንዑስ ቁጥር ተለይተዋል። በ1900 የተሠራ ቅጂ ዛሬ ራሱ ጥንታዊ ዕቃ ተብሎ ይመደባል፤ ከ250 ዓመቱ ክፍል ግን አይገባም። እንግዲህ «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ብቻውን የዕቃውን ዘመን አይነግርም።

ቅጂው በጥሩ እንጨትና በጥሩ እጅ ከተሠራ የራሱ ዋጋ አለው። በደረሰኙ ላይ «የ17ኛው ክፍለ ዘመን መልክ፥ በ1900 ገደማ የተሠራ» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ለጊዜው ጥቂት ትርፍ ቢቀርበትም፥ ደንበኛው በርጩማውን ገልብጦ ባየ ጊዜ አያፍርም።