ተጨማሪ መረጃ፦ ወደ ሥራው የሚሄድ መለኪያ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎንደርና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። እዚያ ያለ የተበላ የወፍጮ ዘንግ በቶርኖ ተስተካክሎ ኩሽኔታ ሲገባበት የሚፈቀደው ስህተት ግን በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ከባዱን ዘንግ ወደ ላቦራቶሪ ከማጓጓዝ መለኪያውን ወደ ዘንጉ መውሰድ ይሻላል፤ ከማይክሮሜትር እስከ ተንቀሳቃሽ የሌዘር መለኪያ ያሉት መሣሪያዎች ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ችግሩ መለኪያው የላቦራቶሪውን አየር ይዞ አለመጓዙ ነው። በኢንዱስትሪ የዕቃዎች ርዝመት የሚገለጸው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አንድ ሜትር የብረት ዘንግ በ30 ዲግሪ በ0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መለኪያውና ዘንጉ ከአንድ ዓይነት ብረት ተሠርተው እኩል ከሞቁ ስህተቱ ይካካሳል፤ ከደባርቅ ብርድ ገና የወረደ መለኪያ ግን ከዘንጉ እኩል አልሞቀም።

«ለበርና ለመስኮት ተራ ሜትር ይበቃል» ለሚል፣ ለበሩስ እውነት ነው፤ ለኩሽኔታው አይደለም። «የመለኪያ ምርምሩን የበለጸጉት አገሮች ይሥሩት፣ እኛ እንግዛ» የሚለው ክርክር ይበልጥ ብርቱ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ በተመጠነ አዳራሽ ብቻ የተፈተነ መሣሪያ ለቆርቆሮ ጣሪያ ዎርክሾፕ ዋስትና አይሆንም። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ከጀርመኑ አቻው ከፒቲቢ ጋር ተባብሮ ሠርቷል። ቀጣዩ ትብብር መሣሪያና ሥልጠና ከመቀበል አልፎ፣ ተንቀሳቃሽ መለኪያዎችን በእኛው ደጋና ቆላ አብሮ መፈተን ሊሆን ይገባል።