ጎሚስታው ያየው ውድድር

የሞተር ሳይክል ውድድር ለማየት አገር አቋርጬ እንደምሄድ ስናገር ብዙ ወዳጆቼ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ጩኸት ነው፤ ደግሞ ያንኑ መንገድ መዞር ምኑ ያስደስታል?» ይሉኛል። ሌሊት ተነሥቶ የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫን ሃያ አምስቱንም ዙር ዓይኑን ሳይነቅል የሚያይ ሕዝብ ይህን ሲል እስቃለሁ። እኔ የማየው አሰን በምትባል ከተማ ነው፤ እዚያ የሚዞረው ሃያ ስድስት ነው። አንድ ዙር ጨምሮ ታግሦ ማየት ይህን ያህል ከባድ ነው?

አሰን በኔዘርላንድስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ድሬንቴ በሚባለው የገበሬዎች አውራጃ የምትገኝ፣ ሰባ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ጸጥተኛ ከተማ ናት። በየዓመቱ በጁን መጨረሻ ግን ከነዋሪዋ የሚበልጥ እንግዳ ይጎርፍባታል። ገበሬው የሣር መሬቱን ለድንኳን ያከራያል፤ ጎረቤት ግቢውን ለሞተር ማቆሚያ ይከፍታል፤ ማታ ማታ መሀል ከተማው ሙዚቃ ብቻ ይሆናል። ውድድሩ የሆላንድ ቲቲ ይባላል። በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሮልደና በቦርገር መንደሮች መካከል፣ ጡብና አሸዋ በሆነ የገጠር መንገድ ላይ ተጀመረ። በዓመቱ ወደ አሰን መጣ፤ በ1955 ደግሞ ለእሱ ብቻ የተሠራ መንገድ ተከፈተለት። የዓለም ሻምፒዮና ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ በኮሮናው ዘመን በ2020 ካልሆነ በቀር አንድም ዓመት አልቀረም። ሌላ እንዲህ የሚል የውድድር ሜዳ የለም። የሚገርመው ደግሞ ሰንበትን ለማክበር ሲባል ለዘጠና ዓመት ያህል ይካሄድ የነበረው ቅዳሜ ቀን መሆኑ ነው፤ ወደ እሁድ የዞረው በ2016 ነው። ሰንበት የሚያከብር ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ሞተረኞች ያለውን አስተያየት ትንሽ ያለዝባል።

ስለ ሞተሮቹ ብዙ አልልም። ዋናዎቹ 1000 ሲሲ ናቸው፤ ከ157 ኪሎ አያንሱም፤ ረጅም ቀጥታ ያለው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ከእነሱ በፊት ሞቶ 3 እና ሞቶ 2 የሚባሉት የታናናሾቹ ውድድሮች አሉ። ይኸው ነው፤ የቀረውን ዓይን ያስተምራል።

የምንሄደው በቡድን ነው። ከሮተርዳምና ከዴንሃግ ተጠራርተን፣ ከጀርመን የሚመጡ ወዳጆች ተጨምረውበት፣ ቫን ተከራይተን በዩትሬክትና በዝዎለ በኩል ወደ ሰሜን እንነዳለን። ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቡና በፔርሙዝ። በየዓመቱ ታዲያ አንድ ጭቅጭቅ አይቀርም፤ ግማሹ «እሁድ ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለስ» ይላል። ወንድሞቼ፣ እሁድ ብቻ የሚመጣ ሰው ሠርግ ላይ ለፎቶ ብቻ የሚደርስ ዘመድ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ያለው የአንድ ሰዓት ልምምድ በስሙ ልምምድ ይባል እንጂ ትግል ነው፤ ፈጣኖቹ አሥሩ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ማጣሪያ ያልፋሉ፣ የቀሩት ቅዳሜ ጠዋት ገና ለሁለት ቦታ ይፋለማሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ከ2023 ጀምሮ የእሁዱን ግማሽ የሚያህል አጭር ውድድር አለ፤ አሰን ላይ 13 ዙር። እሁድ የሚሆነውን ሁሉ የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ቀናት ናቸው፤ የሚወስኑትም በአንድ ነገር ነው፤ በጎማ።

ይህን ከእኔ ይልቅ በደንብ ያዩት ከቡድናችን አንጋፋው ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው መርካቶ ጎሚስታ ነበሩ። መጀመሪያ የመጡት ልጃቸው ጎትቶ አምጥቷቸው ነው። አርብ ጠዋት ለእይታ ከቆመ ሞተር አጠገብ ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳበሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጥርሱ ያለቀ ነው እኮ!»

«አላለቀም ጋሼ፤ ሲሠራም ጥርስ አልነበረውም።»

«ይህን አስረው ነው ሦስት መቶ የሚበሩት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተር እየነዱ ያረጁ ሰዎች ሳይቀሩ። ጥርስ መሬት ይዞ የሚቧጥጥ ጥፍር ይመስላቸዋል። ጭቃ ላይ እውነት ነው። አስፋልት ላይ ግን ጥርስ ዋና ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው፤ ዝናብ ሲኖር ውሃው ከጎማው ሥር በቦዩ ሾልኮ እንዲወጣ፣ ጎማው ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ቦዩ ባዶ ቦታ ነው፤ መሬት ሊነካ ይችል የነበረውን ጎማ ይቀንሳል። ላስቲኩ አስፋልትን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በድንጋዩ ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ተጭኖ ቅርጻቸውን ይይዛል፤ ሁለተኛ፣ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ለቅጽበት ተጣብቆ ይላቀቃል። ሁለቱም የሚሆኑት ላስቲኩ ለስላሳና ሙቅ ሲሆን፣ ደግሞም በሰፊው ሲነካ ነው። እሽቅድድመኛው ከስድሳ ዲግሪ በላይ አጋድሎ ክርኑ መሬት ሊነካ ሲደርስ፣ ያን ሁሉ የሚሸከመው የጥቂት ጣት ስፋት ያላት ላስቲክ ናት። ከዚያች ላይ ለቦይ የሚቆረጥ ትርፍ የለም።

ለዚህ ነው ሞተሮቹ ቆመው ሳሉ ጎማቸው በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚታየው። ብርዱን ለመከላከል አይደለም፤ ወደ መቶ ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ እንዲወጣ ነው። በቀዝቃዛ ጎማ የወጣ ሞተረኛ በመጀመሪያው ዙር፣ ምንም ያጠፋው ነገር ሳይኖር፣ መሬት ላይ ተንሸራትቶ ይገኛል።

አሰን በዚህ ላይ የራሱ ተንኮል አለው። አንዱ ዙር 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 18 ኩርባ አለው፤ 12ቱ ወደ ቀኝ፣ 6ቱ ወደ ግራ ናቸው። ሞተረኛው ቀኝ ቀኝ ሲያጋድል የጎማው ቀኝ ትከሻ ይጋላል፤ ግራው ነፋስ እየመታው ይቀዘቅዛል። ያ አገር ደግሞ ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያቆም ጉብታ እንኳ የለም። ከዚያ ራምስሁክ የሚባለው ፈጣን የግራ ኩርባ ይመጣል። ጎማ ሠሪው ሚሽለን ስለዚህ አንዱን ጎማ ከሁለት ዓይነት ላስቲክ ይሠራዋል፤ ቀኝ ትከሻው ጠንከር ያለ፣ ግራው ቶሎ የሚሞቅ ለስላሳ። ጎን ለጎን ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የሚነዳው ብቻ ነው። ጎማው በጠቅላላው ለስላሳ ይሁን ጠንካራ ግን ከሩቅ የሚታወቀው ዳሩ ላይ ባለው ቀለም ነው፤ ነጭ ቀለበት ያለው ለስላሳው፣ ቢጫው ጠንካራው፣ ምንም የሌለው መካከለኛው። አርብ ማን የትኛውን አሥሮ ስንት ዙር እንደቆየ ያየ ሰው እሁድ አጠገቡ ካለው ተመልካች ይልቅ ብዙ ያውቃል።

ጋሼን ለዘለቄታው የማረካቸው ግን ላስቲኩ አይደለም፤ ንፋሱ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። የፊት ጎማ ንፋስ ከ1.8 ባር በታች መውረድ የለበትም፤ በጎሚስታዎቻችን መለኪያ 26 ገደማ ነው። በእሁዱ ውድድር ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆነውን ዙር ከዚያ በላይ ሆኖ መጨረስ ያስፈልጋል። ጎማው ውስጥ ያለው መለኪያ እያንዳንዱን ዙር ይመዘግባል። ንፋሱ ዝቅ ሲል ላስቲኩ በሰፊው መሬት ይነካል፣ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ታች መውረድ ይፈልጋል። ከሌላ ሞተር ኋላ ተጠግቶ ሲነዳ ግን የፊተኛው ሞተር ሙቀት ጎማውን ያግለዋል፤ የንፋሱ ግፊት ይጨምራል፤ ጎማው ይነፋፋና ፍሬን ሲያዝ ይሸሻል። መካኒኩ እንግዲህ ውድድሩ ሳይጀመር «የእኔ ሰው መሪ ይሆናል ወይስ ከኋላ ይከተላል?» ብሎ መገመት አለበት። ብቻውን ይነዳል ብሎ ብዙ ከሞላ፣ ሰው ተከትሎ ሲነዳ ጎማው ይወጠርበታል። ከኋላ ይሆናል ብሎ አሳንሶ ከሞላ፣ መሪ ሲሆን ጎማው ይቀዘቅዝና ንፋሱ ከደንቡ በታች ይወርዳል። ቅጣቱ የእሁዱ ውድድር ላይ 16 ሰከንድ ነው።

በ2024 አሰን ላይ እሽቅድድመኛው ማርክ ማርኬዝ አራተኛ ሆኖ መስመሩን አለፈ። ጥቂት ቆይቶ ውጤቱ ሲታወጅ አሥረኛ ተብሎ ተጻፈ፤ የፊት ጎማው ንፋስ አንሶ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ታይላንድ ውስጥ ቡሪራም ላይ ደግሞ እየመራ ሳለ ፍጥነቱን ቀንሶ ታናሽ ወንድሙ አሌክስን አሳለፈው፤ ብዙ ሰው ሞተሩ የተበላሸ መሰለው። የንፋሱ ግፊት እስኪጨምር ብዙውን ዙር ከወንድሙ ኋላ ተቀምጦ ነዳ፤ ከዚያ አልፎት አሸነፈ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡ።

«እንዲህ ያለ ሥራ ነው እንግዲህ እኛን ስንት ዘመን ‹ጎሚስታ ምን ያውቃል› እያሉ ያናናቁብን!»

ዝናብ ከጣለ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። አሰን ላይ ፀሐይ ወጥታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶፍ መውረዱ የተለመደ ነው። ያኔ ጥርስ ያለው የዝናብ ጎማ ይወጣል፤ ላስቲኩ በጣም ለስላሳ ነው፣ መንገዱ ከደረቀ በጥቂት ዙር ይበጣጠሳል። እያንዳንዱ ሞተረኛ ሁለት ሞተር ያለውም ለዚህ ነው፤ ገብቶ ከአንዱ ወርዶ በሌላው ይወጣል። በ2016 ዝናቡ በርትቶ ውድድሩ ተቋረጠ፤ እንደገና ሲጀመር ቫለንቲኖ ሮሲ እየመራ ወደቀና ማንም ያልጠበቀው አውስትራሊያዊ ጃክ ሚለር አሸነፈ።

ሮሲ በአሰን ብዙ ታሪክ አለው፤ በ2015 በመጨረሻው ኩርባ ከማርኬዝ ጋር ተላትሞ ጠጠሩን አቋርጦ ያሸነፈው፣ በ2017 በዓለም ሻምፒዮናው የመጨረሻ ድሉን ያገኘው እዚያ ነው። ሆርሄ ሎሬንሶ ደግሞ በ2013 ሐሙስ ልምምድ ላይ ወድቆ አንገቱ ሥር ያለው የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ፤ ሌሊቱን ባርሴሎና በርሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቅዳሜ ተመልሶ ተወዳደረ፤ አምስተኛ ወጣ። እዚህ ላይ ምን እንደምል አላውቅም፤ ሐኪሞች ልጆቻችሁን እንዲህ እንድታሳድጉ እንደማይመክሩ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር። ከመነሻና መድረሻው ፊት ለፊት ያለው መቀመጫ ውድ ነው፤ ሞተሮቹ እዚያ ብልጭ ብለው ያልፋሉ፣ ከዚያ የሚታየው የሰው ባርኔጣ ነው። ከመጨረሻው ኩርባ፣ ከሔርት ቲመር አጠገብ፣ ወይም መጀመሪያው ኩርባ ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ ፍሬን ሲያዝ የፊት ጎማው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። የጆሮ መድፈኛና የዝናብ ልብስ ሳይዙ መውጣት ቂልነት ነው። ስልክ ግን ኪስ ውስጥ ይቅር። ሦስት ቀን ሙሉ በስልኩ ሲቀርጽ የሰነበተ አንድ ወዳጃችን ቤቱ ገብቶ የቀረጸውን ሲያይ ያገኘው የአጥር ሽቦ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በአገር ቤት ላላችሁ ሞተረኞች። የሞተሩ ጎማ ጥርስ ሲያልቅ «የውድድር ጎማ ሆነልኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልሆነልህም። የውድድሩ ጎማ ለአንድ ውድድር፣ ለመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ተሠርቶ የሚጣል ለስላሳ ላስቲክ ነው፤ ያንተ ጎማ ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተብሎ የተሠራ ደረቅ ላስቲክ ነው፤ ጥርሱ ሲያልቅ የቀረው ስስ ገላው ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ፣ አስፋልቱ ላይ የሰኔ ውሃ ሲተኛ፣ ያ ጎማ ውሃውን የሚያስወጣበት ቦይ የለውም። ሄልሜትህን ከመግዛትህ ጋር አብረህ ጎማህንም እይ፤ ንፋሱንም በሳምንት አንዴ አስለካ። ጎሚስታው የሚጠይቅህ ጥቂት ብር ነው።

አሰን መምጣት ለምትፈልጉ ደግሞ የአርቡን ቲኬት አትተዉ፤ ከሦስቱ ቀናት ርካሹ እሱ ነው፤ ለእኔ ግን ከእሁዱ ይበልጣል።