«አባባ፣ ዓይኔን ደከመኝ»

የልጅ ልጄ በሚወደው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ውስጥ እያንዳንዱ ዓይን ትንሽ የሚለይ ምስል ያያል፤ አእምሮ ሁለቱን አዋህዶ ርቀትን ይረዳል። ይህንን ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

ታዲያ ድካሙ ከየት ይመጣል? ወደ እኛ የሚመጣ ኳስ ስናይ ዓይኖቻችን ወደ አፍንጫ ይዞራሉ፤ የዓይናችን ሌንስም አብሮ ለቅርብ ይስተካከላል። በመነጽሩ ውስጥ ግን ኳሱ የቀረበ ቢመስልም ሌንሱ ማተኮር ያለበት በአንድ ቋሚ ርቀት ላይ ነው። አብረው መሥራት የለመዱት ሁለቱ ሲለያዩ ብዥታና ራስ ምታት ይከተላል።

የልጆች ዓይኖች ከአዋቂ ይልቅ የተቀራረቡ ስለሆኑ መነጽሩ በልካቸው ላይሆን ይችላል። ሶኒ ለምሳሌ የራሱን ከ12 ዓመት በታች ላሉ አይፈቅድም።

ስለዚህ ልጁ «ደከመኝ» ሲል ሰበብ ነው አልለውም። መነጽሩን አውልቆ ሩቅ ሩቁን እንዲያይ አደርጋለሁ። ብዥታው ካልለቀቀው የዓይን ሐኪም ይየው።