ዘይት ከተጨመቀ በኋላ አይለቀምም

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ቅባት እህል ነው። ኑግ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ጎመን ዘር ሁሉም ቅባት እህል ናቸው። እኔ የምጽፈው ስለ ጎመን ዘርና ስለ ተልባ ብቻ ነው። ሰሊጥ የቆላ ስለሆነ የሑመራና የመተማ ልጆች ይጻፉት።

ጎመን ዘርን ብዙዎቻችን የምናውቀው በምጣድ ማሰሻነቱ ነው። ግን አውሮፕላን አብርሯል ብላችሁ ታምናላችሁ? በ2012 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። ያውም ይኸው የእኛው ጎመን ዘር ነው፤ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው።

ለዚህ የተመረጠው ዘይቱ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ነገር ስለሚበዛበት ነው። ከመቶ 40 ገደማ ይሆናል። ለነዳጅና ለፋብሪካ ጥሩ ነው። ለምግብ ግን ሲበዛ አይፈለግም፤ በአይጦች ላይ ሲሞከር ልብ ጎድቷል። (ምጣድ የምናስስበት ትንሽ ስለሆነ አትደንግጡ።) ስለዚህ ካናዳውያን በ1970ዎቹ ከጎመን ዘር ዘመድ ይህ አሲድ ከመቶ 2 የማይሞላበት የምግብ ዓይነት አወጡና ካኖላ አሉት። አሁን ነገሩን አስተውሉ። የምግቡ ገዢ አሲዱን አይፈልግም፣ የፋብሪካው ገዢ ደግሞ እሱኑ ነው የሚፈልገው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ለማንም አይሆኑም።

እንዴት ይቀላቀላሉ? አንደኛው በንብ ነው። ጎመን ዘር አብዛኛው በራሱ ብናኝ ቢያፈራም ንብና ነፋስ ከሌላ ማሳ ያመጡለታል። ንብ ደግሞ ድንበር አታውቅም። (የላሊበላን ንጉሥ እንኳን ገና ሲወለድ ከበቡት ይባል የለ!) ስለዚህ የተለያየ ዓይነት የሚዘሩ ሰዎች ማሳቸውን ማራራቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ወፍ ዘራሽ ነው። አንዳንድ የጎመን ዘር ፍሬ መሬት ላይ ይረግፋል፣ መሬት ውስጥ ይቆያል፣ በሌላ ዓመት ተልባው መሐል ብቅ ይላል። እዚህ ላይ እኛ ልጆች ልንረዳ እንችላለን። የተልባ አበባ ሰማያዊ፣ የጎመን ዘር አበባ ቢጫ ነው። በሰማያዊ መሐል ቢጫ ያየ ሰው ፍሬ ሳይዝ ይንቀለው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አውድማው ነው። ጎረቤታችን አምና ጎመን ዘር በወቁበት አውድማ በማግስቱ ተልባ ወቁበት። አውድማው በእበት የተለቀለቀ ቢሆንም ስንጥቅ አለው፣ ያ ትንሽ ክብ ፍሬ እዚያ ተደብቆ ቀርቶ ኖሯል። ነጋዴው አንድ እፍኝ ዘግኖ አየና ዋጋ ጣለባቸው። ለልጆቻቸው ደብተርና ጫማ ሊገዙበት ያሰቡት ገንዘብ ነበር። ነፋስም አያወጣውም። የሚሻለው ሰፌድ ነው። እናቴ ሰፌዱን ዘንበል አድርጋ ስታንገዋልል ክቡ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ጠፍጣፋው ተልባ ይቀራል። ግን አንድ ኩንታል በሰፌድ ስንት ቀን ይፈጃል? አውድማውን ጠርጎ እንደገና መለቅለቅ ይቀላል። ማዳበሪያውም ከመሞላቱ በፊት ተገልብጦ ይራገፍ፤ ጥጉ ላይ ሁልጊዜ የቆየ ፍሬ አይጠፋም። ፀረ ተባይ የነበረበት ማዳበሪያ ግን ቢታጠብም ለእህል አይሁን።

ተልባ ንጹሕ ሆኖም ሊበላሽ ይችላል። ዘይቱ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይለወጣል። በቀጭኑ ከተቀባ ይደርቃል፤ የውጭ አገር ሠዓሊዎች ቀለማቸውን የሚበጠብጡበት ለዚህ ነው። ለቀለም የጠቀመው ለምግብ ጎዳ ማለት ነው፤ ተልባ ተወቅጦ ሲቆይ ይሻግታል፣ ይመራል። ፍሬው ሳይሰበር በደንብ ደርቆ ከተቀመጠ ግን ልጣጩ ራሱ ይጠብቀዋል። እናቴ በጾም ወቅት ሙቀጫ የምታወጣው ጠዋት ጠዋት ነው፣ ለዕለቱ የሚበቃንን ያህል ትወቅጣለች፣ የቀረው እንዳለ በጎታው ይቆያል።